ድምፁ በሰው፣ መዋጮው በአሳማ

ዲሴምበር 1998 ላይ አይዋ ውስጥ አንድ ገበሬ 113 ኪሎ ግድም የሚመዝን የደለበ አሳማ ለቄራ ሲሸጥ እጁ የሚገባው 25 ዶላር አካባቢ ነበር። ያንን አሳማ ለማሳደግ ለመኖ፣ ለመድኃኒት፣ ለመብራትና ለባንክ ወለድ ያወጣው ሲደመር ደግሞ 90 ዶላር ያልፋል። አንድ አሳማ በሸጠ ቁጥር ከ65 ዶላር በላይ ይከስራል ማለት ነው። ሺህ አሳማ ያደለበ ሰው ኪሳራው 65 ሺህ ዶላር ደረሰ። ከዚያችው 25 ዶላር ላይም 11 ሳንቲም ትቆረጣለች። የምትሄደው የአሳማ ሥጋን በመላ አሜሪካ ለሚያስተዋውቅ ቦርድ ነው፤ መቆረጧ የሕግ ትእዛዝ ስለሆነ አልሰጥም ማለት አይቻልም።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህች 11 ሳንቲም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) አሳማ ለአብዛኞቻችን ሩቅ እንስሳ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም። ሆኖም ብዙ ሆነው ለጥቂት ገዢዎች የሚሸጡ ሰዎች እንዴት እንደሚጎዱ፣ ከዚያም በስማቸው የሚናገር ድርጅት ሲቋቋም ድርጅቱ የማን እንደሚሆን ለማየት ከአሜሪካ አሳማ አርቢዎች ታሪክ የተሻለ አላገኘሁም። ታሪኩ መሐል ላይ አማርኛ ተናጋሪዎችም አሉበት፤ ስንደርስ ታያላችሁ።

መጀመሪያ አሳማው ራሱ እንዴት ገበሬውን እንደሚያስጨንቀው እንይ። እናት አሳማ የምታረግዘው 114 ቀን ነው፤ አርቢዎቹ ሦስት ወር፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ቀን እያሉ ያስታውሱታል። ግልገሎቹ ሦስት ሳምንት ያህል ይጠባሉ፤ በተወለዱ በስድስት ወራቸው ገደማ ለእርድ ይደርሳሉ። ገበሬው እናቲቱን ካስጠቃበት ቀን አንሥቶ ግልገሎቿን እስከሚሸጥበት ቀን አሥር ወር ይሆናል። ታዲያ ዛሬ ዋጋው ጥሩ ስለሆነ «እስቲ እናት አሳማ ልጨምር» ያለ ሰው ምርቱን ገበያ የሚያወጣው ከአሥር ወር በኋላ ነው። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም፣ ሌላ ክፍለ ግዛት ያለውም ያንኑ ዋጋ አይተው ያንኑ ወስነዋል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ይደርስና ዋጋው ይወድቃል። ሲወድቅ ብዙዎች እናት አሳማቸውን ይሸጣሉ፤ ከጊዜ በኋላ አሳማ ይጠፋና ዋጋው እንደገና ይሰቀላል። አርተር ሃናው የተባለ ጀርመናዊ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ይህን መውጣትና መውረድ በ1920ዎቹ መጨረሻ አጥንቶ አሳይቷል። እስካሁን የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የሚማሩት ነገር ነው።

ከዋጋው መዋዠቅ የባሰው ግን አሳማ ጊዜ አለመስጠቱ ይመስለኛል። እህል ያለው ገበሬ ዋጋ ካልተስማማው ጎተራ ውስጥ አስቀምጦ ሊጠብቅ ይችላል። የደለበ አሳማ ግን እያንዳንዷ ተጨማሪ ቀን መኖ ናት። ሲቆይ ቄራው ከሚፈልገው ክብደት ያልፍና ከዋጋው ይቀነስበታል። በረቱም ለሚቀጥሉት ግልገሎች ያስፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ ተወልደው አድገው እየመጡ ነው። ስለዚህ ገዢው «በዚህ ዋጋ» ሲል ሻጩ ተመልሼ ልምጣ የሚልበት አቅም የለውም። ይህን ገዢውም ያውቃል።

እንግዲህ 1998ን በዚህ ዐይን እዩት። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ ዋጋው ጥሩ ስለነበር፣ በቆሎም ስለረከሰ ገበሬው እናት አሳማ ጨመረ። ትልልቅ ኩባንያዎችም በሺዎች የሚቆጠሩ አሳማዎችን የሚይዙ አዳራሾችን በሰሜን ካሮላይናና በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ተከሉ። በዚያው ሰሞን ደግሞ አንዳንድ ቄራዎች ተዘጉ። መከር ላይ በሳምንት ከ2 ሚሊዮን በላይ አሳማ ለእርድ ሲቀርብ ቄራዎቹ ከአቅማቸው ጫፍ ደረሱ። ከማረጃው መስመር በላይ አንድ አሳማ እንኳ ከተረፈ የተረፈው ዋጋ የለውም፤ የእሱ ዋጋ ማጣት ደግሞ የሌላውን ሁሉ ዋጋ ይዞ ይወርዳል። የደለበ አሳማ በፓውንድ ወደ 10 ሳንቲምና ከዚያም በታች ወረደ። የዋጋ ግሽበት ሲታሰብ ይህ ከ1930ዎቹ የድህነት ዘመን የባሰ ነበር። ሱፐርማርኬት ውስጥ ግን የአሳማ ሥጋ በፓውንድ ከ2 ዶላር በላይ ነበር፤ ብዙም ፈቀቅ አላለም። በገበሬውና በሸማቹ መሐል ያለው ክፍተት ከዚያ በፊት ታይቶ በማይታወቅ መጠን ሰፋ፤ ትርፉ የቄራዎቹና የቸርቻሪዎቹ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የወጣ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። ገበሬዎቹ የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፤ «ለጎረቤቴ ስንት እንደከፈላችሁት ልወቅ» የሚል። ኮንግረስ በ1999 ትልልቆቹ ቄራዎች የሚገዙበትን ዋጋ በየቀኑ ለመንግሥት እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ዛሬም ይሠራል። ችግሩ ሕጉ ሲወጣ ገበያው ራሱ እየተነነ መሆኑ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው አሳማ በዕለቱ ድርድር ይሸጥ ነበር፤ አሁን እንደዚያ የሚሸጠው ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ቀሪው አስቀድሞ በኮንትራት የታሰረ ወይም ከመጀመሪያው የቄራው ንብረት የሆነ አሳማ ነው። የኮንትራቱ ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ያችን የቀረችውን ቀጭን የዕለት ገበያ መነሻ አድርጎ ነው። ገዢዎቹም ጥቂት ናቸው፤ አራቱ ትልልቅ ኩባንያዎች በአገሪቱ ከሚታረደው አሳማ ሁለት ሦስተኛውን ያርዳሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ስሚዝፊልድ በ2013 ለቻይናው ሹዋንግሁዊ ኩባንያ ተሸጧል።

አንድ ገበሬ ብቻውን ከእነዚህ ፊት ምን ሊል ይችላል? ማኅበር ያስፈለገው ለዚህ ነው። የአሜሪካ አሳማ አርቢዎችም ይህን ቀድመው አውቀውታል። በ1960ዎቹ መጨረሻ አይዋና ኢሊኖይ ውስጥ ጥቂት አውራጃዎች ላይ ከሚሸጥ ከእያንዳንዱ የደለበ አሳማ አምስት ሳንቲም በፈቃደኝነት ማዋጣት ጀመሩ። ሐሳቡ መልካም ነበር። አሳማ ሥጋን ማስተዋወቅ፣ በበሽታና በእርባታ ላይ ምርምር ማስደረግ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው፣ ሲሠራ ግን ሁሉም የሚጠቀምበት ሥራ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይነሣል፤ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ስለሚጠቀም ብዙው ሰው አለመክፈልን ይመርጣል። መሪዎቹ መፍትሔው አስገዳጅ ሕግ ነው አሉ። ኮንግረስ በ1985 ሕጉን አወጣ፤ በ1986 መቁረጥ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ የማይፈልግ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ይችል ነበር። በ1988 አርቢዎቹ ድምፅ ሰጥተው 77 በመቶው ሲደግፈው ማስመለስ ቀረ። ተመኑ ከመቶ ዶላር 25 ሳንቲም ተነሥቶ በ1995 ወደ 45 ሳንቲም ደረሰ።

በዚህ ገንዘብ ከተሠራው ሁሉ የታወቀው በ1987 የወጣው «ሌላው ነጭ ሥጋ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካዊው ስብ እየፈራ ወደ ዶሮ ይሸሽ ነበር፤ ማስታወቂያው አሳማን ከዶሮ ጎን አሰለፈው። ቴሌቪዥን ያየ አሜሪካዊ ሁሉ የሚያስታውሰው አባባል ሆነ። ከማስታወቂያው ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ግን ሳይንሱ ነው። ለረጅም ዘመን ግልገሎችን ሲፈጅ የኖረ ሐሰተኛ የእብድ ውሻ በሽታ የሚባል ቫይረስ ነበር፤ መንግሥትና አርቢዎች ተባብረው ከንግድ እርባታዎች ማጥፋታቸው በ2004 ታወጀ። በ2013 አዲስ የተቅማጥ ቫይረስ ገብቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ግልገሎችን ሲገድል ለምርምሩ ወዲያው ገንዘብ የተገኘው ከመዋጮው ነው። ይህን አንድ ገበሬ በራሱ ጓሮ ሊያደርገው አይችልም። መዋጮውን የሚደግፉ አርቢዎች ሲናገሩ እውነት አላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የእኛን እድር አስቡት። እያንዳንዱ ቤተሰብ እኩል ያዋጣል፤ በስብሰባውም ላይ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ አለው። የአሳማ መዋጮ እንደዚያ አይደለም። የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በአሳማው ዋጋ ነው፤ መቶ አሳማ የሚሸጥ ትንሽ ያዋጣል፣ ሚሊዮን የሚሸጥ ኩባንያ ብዙ ያዋጣል። ይህ ብቻውን ፍትሐዊ ነው። የቦርዱ አደረጃጀት ግን ያንኑ መንገድ ይከተላል። ከየክፍለ ግዛቱ የሚመጡ ልዑካን ጉባኤ አለ፤ በጉባኤው ላይ የእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ድምፅ ክብደት የሚለካው ከዚያ በተሰበሰበው መዋጮ ልክ ነው። ይህ ጉባኤ ለቦርዱ አባልነት እጩዎችን ያቀርባል፤ አሥራ አምስቱን የቦርድ አባላት የሚሾመው የግብርና ሚኒስትሩ ነው። እንግዲህ የአሳማ ብዛት ገንዘብ ይሆናል፣ ገንዘቡ ደግሞ ድምፅ ይሆናል። ገበሬው በመዋጮው ዕጣ ላይ እንደ አንድ ሰው የሚቆጠረው ሕዝበ ውሳኔ ሲጠራ ነው። ያኔ መቶ አሳማ ያለውም ሚሊዮን ያለውም አንድ አንድ ድምፅ አላቸው።

በ1980 በአሜሪካ ከ6 መቶ ሺህ በላይ አሳማ ያለበት እርሻ ነበር። በ2022 የግብርና ቆጠራ 60 ሺህ ገደማ ብቻ ቀርቷል። የአሳማው ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ ያኔም ዛሬም 70 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። ከአሥር ገበሬ ዘጠኙ ጠፍቶ አሳማው ሁሉ ከአንዱ ዘንድ ተሰበሰበ ማለት ነው። መዋጮ የሚሰበስበው ድርጅት ገቢው በአሳማ ስለሚለካ ከዚህ ለውጥ የሚያጣው ነገር የለም። አሳማው እስካለ ድረስ ገንዘቡ ይመጣል። የገበሬው መጥፋት በድርጅቱ ሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፉ ይህ ነው እላለሁ፤ ማንም ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ አቆጣጠሩ ራሱ ወደዚያ ይገፋል።

ሕጉ መዋጮውን ለፖለቲካ ማግባባት መጠቀም ይከለክላል። ስለዚህ ሁለት ድርጅት አለ። አንዱ በአስገዳጅ መዋጮ የሚተዳደረውና ማስታወቂያና ምርምር የሚሠራው ብሔራዊ የአሳማ ሥጋ ቦርድ ነው። ሌላው በፈቃደኝነት መዋጮ የሚተዳደረውና ዋሽንግተን ላይ ሕግ አውጪዎችን የሚያግባባው ብሔራዊ የአሳማ አርቢዎች ምክር ቤት ነው። እስከ 2001 ድረስ ሁለቱ እጅግ የተሳሰሩ ነበሩ፤ የቦርዱን ገንዘብ በኮንትራት ተቀብሎ ሥራውን የሚሠራው ምክር ቤቱ ነበር። በ1997 አንድ ነገር ወጣ። የመዋጮው ገንዘብ የትልልቅ እርባታዎችን መስፋፋት የሚቃወሙ የቤተሰብ ገበሬዎች ቡድኖችን እንቅስቃሴ ለሚከታተል ድርጅት ተከፍሏል። ከእነዚህ ቡድኖች አባላት መካከል መዋጮውን ራሳቸው የሚከፍሉ አሳማ አርቢዎች ነበሩ። በገዛ ገንዘባቸው ተሰለሉ።

ቁጣው የት እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም፤ ላዩ ላይ የ1998ቱ ውድቀት ሲጨመርበት ደግሞ ነደደ። ዘመቻ ለቤተሰብ እርሻዎች የተባለ የቡድኖች ኅብረት ሕዝበ ውሳኔ እንዲጠራ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። ገበሬዎች ከብት ጨረታ ላይ፣ ቡና ቤት ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፈረሙ። የግብርና ሚኒስትሩ ዳን ግሊክማን ሕዝበ ውሳኔ ጠሩ፤ በ2000 ድምፅ ተሰጠ። ውጤቱ ጃንዋሪ 2001 ወጣ። መዋጮው ይቅር ያሉት 15,951፣ ይቀጥል ያሉት 14,396። 53 በመቶ ለ47 ማለት ነው። ግሊክማን መዋጮው እንዲቆም አዘዙ።

አልቆመም። ምክር ቤቱና ደጋፊዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በዚያው ወር በዋሽንግተን አስተዳደር ተቀየረ፤ አዲሷ የግብርና ሚኒስትር አን ቬነማን በፌብሩዋሪ መጨረሻ ከከሳሾቹ ጋር ተስማሙና መዋጮው እንዲቀጥል ሆነ። በምላሹ ቦርዱና ምክር ቤቱ ይለያዩ ተባለ። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት የፊርማው ማሰባሰብ ሕጉ የሚጠይቀውን አላሟላም የሚል ነበር። በእርግጥ የፊርማዎቹ ማጣራት ጉድለት አሳይቶ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም 30 ሺህ ገበሬ በሚስጥር ድምፅ ከሰጠ፣ ከተቆጠረ፣ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ፊርማውን ወደ ኋላ ተመልሶ መቁጠር ምን ማለት ነው? በእኔ ዐይን ያሸነፉት ሰዎች ድል ተነጥቋል።

ገበሬዎቹ እነሱም ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክራቸው የመናገር ነጻነት ነበር፤ «የማላምንበትን ንግግር በገንዘቤ እንድደግፍ ልገደድ አይገባም» የሚል። በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የፌዴራል ዳኛ አሸናፊ አደረጋቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። በ2005 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የበሬ ሥጋ መዋጮን በሚመለከት ሌላ ጉዳይ ወሰነ፤ ስድስት ለሦስት። ማስታወቂያው የመንግሥት ንግግር ነው፣ መንግሥትም ለራሱ ንግግር ግብር መሰብሰብ ይችላል አለ። የአሳማው ውሳኔ በዚህ ምክንያት ተሻረ። እስቲ አስቡት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ «የገበሬው ድምፅ» ሲባል የኖረው ነገር ሕጋዊ ሆኖ የተረፈው የገበሬው ሳይሆን የመንግሥት ድምፅ ነው ስለተባለ ነው።

ቀጥሎ ያለው የበለጠ ያስገርማል። ሁለቱ ድርጅቶች ሲለያዩ «ሌላው ነጭ ሥጋ» የሚለው አባባል ባለቤትነት ከምክር ቤቱ ጋር ቀርቶ ነበር። በገበሬው መዋጮ ተሠርቶ የታወቀውን ይህንኑ አባባል ቦርዱ በ2006 ከምክር ቤቱ ገዛው፤ ዋጋው 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ አከፋፈሉ ከነወለዱ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ለሃያ ዓመት። በ2011 ቦርዱ አባባሉን ትቶ በአዲስ ተካው፤ ክፍያው ግን ቀጠለ። ተቃዋሚዎች ይህ መዋጮውን በጓሮ በር ለፖለቲካ ማግባባት ማስተላለፍ ነው ብለው ከሰሱ። በ2018 የፌዴራል ዳኛ የግብርና ሚኒስቴር ክፍያውን ማጽደቁ በቂ ምክንያት የለውም ብለው ፈረዱ፤ ኋላ ግን ፍርዱ በይግባኝ ተሻረ።

ሁሉን ነገር ትልቅ ኩባንያና ትንሽ ገበሬ ብሎ መክፈል ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ የተወሳሰበ ነው። መሐል ላይ የኮንትራት አርቢው አለ። አዳራሹ የእሱ ነው፤ የባንክ ዕዳውም፣ የፍጉ ሽታም የእሱ ነው። አሳማው፣ መኖውና መድኃኒቱ ግን የኩባንያው ነው፤ የሚከፈለው ለጉልበቱና ለቦታው ነው። ገበያ ሲወድቅ አሳማው የእሱ ስላልሆነ ኪሳራው በቀጥታ አይነካውም። ስለዚህ ከ1998 በኋላ ብዙዎች በደስታ ወደዚህ ገቡ፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። መዋጮው የሚቆረጠው ከአሳማው ባለቤት ነውና ሌሊት ተነሥቶ የታመመ አሳማ የሚያየው ይህ ሰው በዚህ ሁሉ የውክልና ሒሳብ ውስጥ የለም።

ነገሩ የተወሳሰበ መሆኑን የካሊፎርኒያ ጉዳይም ያሳያል። መራጮች በ2018 ባጸደቁት ሕግ መሠረት በዚያ ክፍለ ግዛት የአሳማ ሥጋ እናቲቱ ቢያንስ 24 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም ሁለት ሜትር ካሬ ከምናምን ቦታ ካላገኘች አይሸጥም። ካሊፎርኒያ ከአገሪቱ የአሳማ ሥጋ 13 በመቶውን ትበላለች፤ የምታረባው ግን ከቁጥር አይገባም። ምክር ቤቱ ይህ በሌላ ክፍለ ግዛት ገበሬ ላይ የተጫነ ወጪ ነው ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ፤ በሜይ 2023 አምስት ለአራት ተሸነፈ። ክርክሩ ግን የሁሉም አርቢ አልነበረም። አስቀድመው በረታቸውን አስፍተው ለዚያ ገበያ በተሻለ ዋጋ መሸጥ የጀመሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ ለእነሱ ሕጉ መቆየቱ ይሻላቸዋል። 2023 ለዘርፉ ከ1998 ወዲህ እጅግ ከከፉት ዓመታት አንዱ ሆኖ ስለነበር የእያንዳንዱ ገበያ ጉዳይ የህልውና ጉዳይ ነበር። በስማቸው የተነገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

የእኛ ሰዎች ያሉበትን ቦታ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ። እዚያ ያለው የስሚዝፊልድ ቄራ በቀን 20 ሺህ የሚጠጋ አሳማ ያርዳል፤ ከአገሪቱ የአሳማ ሥጋ አምስት በመቶ የሚጠጋው ከዚያ ይወጣል። በ2020 ወደ 3,700 ሠራተኞች ነበሩት። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ኮሮና ሲገባበት ለማጣራት የሄዱት የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች በፋብሪካው 40 ያህል ቋንቋ እንደሚነገር ጻፉ፤ በብዛት ከሚነገሩት መካከል አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ነበሩ። ራሳቸው አሳማ የማይቀምሱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣ ቢላ ይዘው ያንን ሁሉ ሥጋ ይበልታሉ። ልጅ የሚያስተምሩት፣ አገር ቤት ገንዘብ የሚልኩት ከዚያ ነው። በሽታው በሺህ የሚደርሱ ሠራተኞችን ያዘ፤ የሞቱም አሉ። ቄራው ተዘጋ።

ቄራው ሲዘጋ አሳማው ማደጉን አላቆመም። ቀደም ብዬ ያልኩትን አስታውሱ፤ ግልገሎቹ ከአሥር ወር በፊት የተወሰኑ ናቸው። በየቦታው ሌሎች ቄራዎችም ሲዘጉ በረቶች ሞሉ፤ ገበሬዎች ጤነኛ አሳማዎቻቸውን እየገደሉ ለመቅበር ተገደዱ። ምክር ቤቱ ለዚህ ካሣ እንዲከፈል፣ ቄራዎቹም እንዲከፈቱ መንግሥትን ወተወተ። ገበሬውን ብናስብ ልክ ነው። ግን የቄራው በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚገባው ያ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ነው። ሠራተኞቹ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ እዚያ ድምፅ በነፍስ ወከፍ ነው፤ መከለያና የተሻለ ክፍያ ጠየቀ፣ ያገኘውም ነበር። ያን ሰሞን የገበሬው ውክልናና የሠራተኛው ውክልና በአንድ በር ላይ ተገናኝተው ነበር፤ ሁለቱንም በዋጋ የያዘው ኩባንያ ግን አንድ ነው። የእነዚህ ጥቅማቸው የተለያየ የሚመስል ሰዎች ነገር ብዙ ቀን አሳስቦኛል።

በውጭ ንግዱ ላይ ምክር ቤቱ ጠቃሚ ሥራ ይሠራል፤ ይህን አልሸሽገውም። ከአሜሪካ አሳማ ሥጋ አንድ አራተኛ የሚያህለው ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ሜክሲኮና ጃፓን ትልልቆቹ ደንበኞች ናቸው። ቻይና በ2018 አጸፋ ቀረጥ ስትጥል ለሁሉም አርቢ የተናገረ አካል ያስፈልግ ነበር፤ ተናግሯልም። ዋሽንግተን ላይ ማንም የማያውቀው ገበሬ ብቻውን ሄዶ የቀረጥ ድርድር ሊከታተል አይችልም።

ስለዚህ እኔ መዋጮው ይጥፋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ምርምሩን፣ የበሽታ መከላከሉን ሳይ መዋጮ ያስፈልጋል እላለሁ። የማይዋጥልኝ መዋጮ ከፋዩ የማይጠየቅበት መንገድ ነው። ኮንግረስ ውስጥ የመዋጮ ቦርዶች ከሚያግባቡ ድርጅቶች ጋር በኮንትራት እንዳይሠሩ፣ ሒሳባቸውንም ለሕዝብ እንዲያሳዩ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ በተደጋጋሚ ቀርቧል፤ ከሁለቱም ፓርቲዎች ደጋፊዎች አሉት፤ አልጸደቀም። ቢጸድቅ ደግ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ገበሬዎቹ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ይዞ፣ እንደገና ሊጠየቁ ይገባል፤ አሁን የቀሩት 60 ሺህ ናቸውና ቆጠራው ከባድ አይሆንም።

ተመኑ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ከመቶ ዶላር 35 ሳንቲም ነው። ከ2000 ወዲህ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ አልተካሄደም።